ሕዝብ የሚሰማበት አዳራሽ

ከተመለስሁ ጀምሮ የማተሚያ ቤት ባልደረቦቼ «አሜሪካ እንዴት ናት?» እያሉ ይጠይቁኛል። አሜሪካን አላየሁም። ያየሁት ኒው ሆፕ የምትባለውን የሚኒያፖሊስ ዳርቻ፣ ጥቂት ሚኒያፖሊስን፣ ከዚያ ያነሰ ሴንት ፖልንና አንድ የተዘጋ የምንጣፍ መደብር ነው። ስለቀረው ከእኔ ይልቅ ቴሌቪዥን ያውቃል። እኔ ያየሁትን ብቻ በየቀኑ፣ እንደ ቅደም ተከተሉ እጽፋለሁ።

ረቡዕና ሐሙስ። ከሐዋሳ በጠዋት ተነሥቼ አዲስ አበባ ገባሁ፤ ማታ አውሮፕላን ተሳፈርሁ። የተጓዝሁት የአባቴ ታናሽ ወንድም ጋሽ ታደሰ ለልጃቸው ለሶስና የሁለተኛ ደረጃ ምርቃት ስለጠሩኝ ነው። መጀመሪያ በወረድሁበት የአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ የጉምሩክ ሰው «ምግብ ይዘሃል?» አለኝ። ሥራዬ እርማት ማንበብ ስለሆነ ሳላሟላ መመለስ አይሆንልኝም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ኮረሪማ እያልሁ ቆጠርሁለት፤ እያንዳንዱ ምን እንደሆነም አስረዳሁ። «ይበቃል፣ እለፍ» አለኝ። ጥቂት ከሄድሁ በኋላ ትዝ ብሎኝ ተመለስሁና «ጥቁር አዝሙድም አለ» አልሁት። ሰውዬው አይኑን ጨፍኖ ወደ በሩ አመለከተኝ።

ሚኒያፖሊስ ስደርስ ጋሽ ታደሰ አቅፈው፣ ራቅ አድርገው አይተው፣ እንደገና አቀፉኝ። «አንተ በረከት! ያ ማተሚያ ቤት አያበላህም እንዴ?» አሉ። የትምህርት ቤት ባስ ሹፌር ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ሰናይት በአረጋውያን መኖሪያ ይሠራሉ፤ ያን ዕለት ሺፍት ላይ ስለነበሩ በስልክ ነው የተቀበሉኝ። ድምፃቸው ከመኪናው ግድግዳ ሁሉ ወጣና «እንኳን ደህና መጣህ! ወጡ ፍሪጅ ውስጥ ነው!» አለ።

ኒው ሆፕ ውስጥ መጀመሪያ የገረመኝ የሌለው ነገር ነው፤ አጥር የለም። እኛ ዘንድ ግቢ የሚጀምረው ከቆርቆሮው በር ነው፤ እዚያ ግን ቤቶቹ በሣር ላይ እንደ ዕቃ ተቀምጠዋል።

«የእናንተ መሬት የት ነው የሚያልቀው?» አልኋቸው።

«ሣሩ ካጠረበት ሣሩ እስካደገበት» አሉ። «ጎረቤቴ ከኔ በኋላ ነው የሚያጭደው።»

ዓርብ። ጋሽ ታደሰ ኦፍ ስለነበሩ አንድ ነገር ሊያሳዩኝ ይዘውኝ ወጡ። ከኒው ሆፕ ብዙም በማትርቅ፣ ስሟን በማልጠራት ትንሽ ከተማ፣ ሰፊ መስኮት ያለው የተዘጋ የምንጣፍ መደብር ፊት አቆሙ። «ቤተ ክርስቲያናችን ይኸው» አሉ። ከዚያ ቆም አሉና «ከፈቀዱልን» ብለው ጨመሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእነ ጋሽ ታደሰ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ ዓመታት የሌላ ማኅበረ ምእመናን ሕንፃ ውስጥ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሲያመልክ ኖሯል። አሁን ያ ሕንፃ በሐምሌ መጨረሻ ሊሸጥ ነው። መደብሩን አግኝተዋል፤ ባለቤቱም ተስማምቷል። ግን ቦታው ለንግድ የተከለለ ስለሆነ ሕዝብ ሊሰበሰብበት የሚችለው የከተማው ምክር ቤት ሲፈቅድ ነው። ካልፈቀደ ከነሐሴ ጀምሮ የሚሰበሰቡበት ጣሪያ የለም። የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ እንቅልፍ እንዳጡ ከአይናቸው ያስታውቃል።

ከሕንፃው ፊት ሣሩ ላይ ከተማው የተከለው ሰሌዳ ቆሟል። ቀኑና ቦታው ተጽፎበት፣ ከላይ በትልቁ «ፐብሊክ ሂሪንግ» ይላል።

«አንተ ሕገ መንግሥታቸውን ያነበብህ ሰው ነህ» አሉኝ። «ለእሁድ በአማርኛ አድርገህ ጻፍልኝ፤ በር ላይ እንለጥፈዋለን።»

አንብቤአለሁ። ሐዋሳ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የገዛሁት ሽፋን የሌለው የአሜሪካ መንግሥት መማሪያ ነበር፤ እንግሊዝኛ የተማርሁትም ግማሹን ከእሱ ነው። ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ፤ አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚይዝ፤ ፕሬዚዳንቱ የማይፈርምበት ሕግ እንዴት እንደሚያልፍ፤ ብጠየቅ በቃሌ እወጣዋለሁ። ስለዚህ ብዙ ሳልጨነቅ በትልቅ ወረቀት ላይ በጥሩ እጅ ጽሕፈት «ሕዝብ የሚሰማበት ስብሰባ» ብዬ ጻፍሁ። ከሥሩ ቀኑንና አድራሻውን አደረግሁ። አንድ ስሕተት እንደሌለው ሦስት ጊዜ አንብቤ አረጋግጫለሁ።

ቅዳሜ። የሶስና ምርቃት ድግስ የተደረገው ጋራዥ፣ የቤቱ መኪና የሚያድርበት ክፍል ውስጥ ነው። ስቀልድ አይደለም፤ የአገሩ ደንብ ነው። መኪናው ይወጣል፣ ወለሉ ይታጠባል፣ ጠረጴዛ ይደረደራል፣ የልጅቷ ፎቶግራፍ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በግድግዳው ይሰቀላል። እኛ ሰፈር ድግስ ያለበት ቤት በድንኳኑ ይታወቃል፤ እዚያ በተከፈተው ጋራዥ ይታወቃል። ጠረጴዛና ወንበር ያዋሱት እኚያ ሣራቸውን ዘግይተው የሚያጭዱት ጎረቤት ናቸው። እኔ ደግሞ ለመርዳት ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጫንሁ፤ መብራት መስሎኝ። የጋራዡ በር እያጓራ ወርዶ እንግዶቹን ግማሾቹን ከውስጥ፣ ግማሾቹን ከውጭ አስቀረ። እትዬ ሰናይት ከነ ዶሮ ወጡ ከውጭ ቀርተው «በረከት ነው! በረከት ነው የዘጋው!» ሲሉ ይሰማ ነበር።

ሶስና አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው። በትምህርት ቤት ስለ መንግሥት ተምራለች። ያነበብሁትን ስነግራት በትዕግሥት ሰማችኝና «እሺ፤ የዚህ ከተማ ከንቲባ ማን ናቸው?» አለችኝ። አላወቅሁም። «ከከተማው በላይ ያለው ካውንቲስ ምን ይሠራል?» አላወቅሁም። አባቷን ዞራ አየች፤ ጋሽ ታደሰ ወደ ኬኩ ሄዱ። «የዋሽንግተኑን ሁሉም ሰው ያውቃል» አለች። «በረዶውን የሚጠርግልን ግን ዋሽንግተን አይደለም።»

እሁድ። ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ወረቀቴ በሩ ላይ ተለጥፏል። መዝሙሩና ስብከቱ ካለቀ በኋላ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ማስታወቂያውን አነበቡ። «ማክሰኞ ማታ፣ ሕዝብ የሚሰማበት ስብሰባ ስላለ ሁላችንም እንገኛለን። በጊዜ እንድረስ፣ ስልክ እናጥፋ፣ የሚነገረውን በጸጥታ እንስማ።» ሁሉም «አሜን» አለ። እኔም አሜን አልሁ።

ሲበተን አንዲት አረጋዊት እጄን ያዙኝ፤ እማማ ዘነበች ይባላሉ። በስደት ኬንያ ኖረው፣ ከዚያ ከልጃቸው ጋር እዚህ የመጡ ናቸው።

«አንተ ነህ ሕግ የምታውቀው?» አሉኝ።

«ጥቂት አነባለሁ፣ እማማ።»

«ሃይማኖታችንን ይጠይቁናል?»

ለምን እንደጠየቁ ነገሩኝ። በደርግ ጊዜ፣ ገና ወጣት ሳሉ፣ የሚያመልኩበት ቤት ታሽጎ ነበር። ከዚያ በኋላ በሰው ቤት፣ ድምፅ ቀንሰው ይዘምሩ ነበር። አንድ ቀን ቀበሌ ተጠርተው ስለ እምነታቸው ተጠየቁ። «ምን ብዬ እንደመለስሁ ዛሬም ይቆጨኛል፤ ፈርቼ አድበስበስሁት። አሁን ከጠየቁኝ አሳምሬ ነው የምነግራቸው። እየተዘጋጀሁ ነው።»

ሰኞ። ጋሽ ታደሰ ሥራ ስለነበራቸው ብቻዬን ሴንት ፖል ሄድሁ፤ የሚኒሶታ ካፒቶል፣ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት መቀመጫ ላይ ነበር ልቤ። የባቡር ጣቢያው በር የለውም፤ ቲኬት የሚቆርጥ ሰውም አላየሁም፤ ቲኬቴን ይዤ የሚቀበለኝ ስፈልግ አንዱ አመለጠኝ። በሚቀጥለው ገባሁ፤ በተቃራኒው አቅጣጫ ኖሯል። መጨረሻው ጣቢያ ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ እኔ ተቀምጬ ቀረሁ። ሾፌሩ ከፊተኛው ክፍል ወጥቶ ወደ ኋላኛው ሲሄድ አየኝ። «ካፒቶል» አልሁት። «ባለህበት ተቀመጥ፤ አሁን ኋላው ፊት ይሆናል» ብሎኝ አለፈ። እውነቱን ነው፤ ሆነ።

ፍሮግታውን የሚባል የሴንት ፖል ሰፈር ስንደርስ ራበኝና ወረድሁ። ዩኒቨርሲቲ ጎዳና ላይ አንዲት እስያዊት እናት የሚሠሩበት ጠባብ ምግብ ቤት ገባሁ። በትልቅ ሳህን ሾርባ ከነ ኑድሉ፣ በጎን ደግሞ ቅጠላ ቅጠልና ትንሽ አረንጓዴ ቃሪያ አቀረቡልኝ። ቃሪያዋን እንደ አገሬ በአንድ ጊዜ ጎረስኋት። አንድ ሻንጣ በርበሬ አገር አቋርጬ ያመጣሁ ሰው በጣት ጫፍ በምታክል ነገር እንባዬ ወረደ። ሴትዮዋ በረዶ ያለበት ወተት የበዛበት ሻይ አመጡልኝ፤ ሒሳብ ላይም አልጨመሩትም። ወደ ካፒቶል እንደምሄድ ስነግራቸው እስከ መንገዱ ወጥተው በጣታቸው አሳዩኝ።

ነጭ እብነ በረድ ነው፤ ከመግቢያው በላይ በወርቅ የተለበጡ ፈረሶች አሉ። በሩ አጠገብ ጠባቂ ስላየሁ ባርኔጣዬን አውልቄ «ለመግባት ማንን ላስፈቅድ?» አልሁት። «ማንንም። በሩ ያውና» አለኝ። ውስጥ አንዲት አሮጊት አስጎብኚ አምስት ስድስት ሰው ሰብስበው ያዞሩ ነበር። የክፍለ ግዛቱ ገዢ ቢሮ፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች፣ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ችሎት፣ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። በመጽሐፌ ሥዕል ሦስት ለየብቻ የቆሙ ምሰሶዎች ነበሩ፤ እዚህ ግን በአንድ ደረጃ ወጥተው የሚወርዱ ጎረቤቶች ናቸው።

መጨረሻ ላይ ድፍረት አግኝቼ ስለ ምንጣፍ መደብሩ ጠየቅኋቸው። «እዚህ የሚፈቅደው ማን ነው?»

«እዚህ ማንም» አሉ። «እሱን የሚወስነው የከተማው ምክር ቤት ነው።»

«ከዚህ ስልክ ደውለው ቢያዝዟቸውስ?»

ሳቁ። «የዚህ ምክር ቤቶች ከተሞች የሚመሩበትን ሕግ ያወጣሉ እንጂ ስልክ አይደውሉም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ አለ፤ ለእኛም፣ ለከተማውም፣ ለዋሽንግተንም።»

በባቡሩ ስመለስ ይህን ሳሰላስል ነበር። እኛ «መንግሥት» ስንል አንድ ነው፤ መንግሥት ፈቀደ፣ መንግሥት ከለከለ እንላለን። እዚያ ግን የትኛው እንደሆነ ካልተናገርህ ወዴት እንደምትሄድ የሚያውቅልህ የለም። ይዤው የመጣሁትን መጽሐፌን ከፍቼ፣ ሃይማኖትን የሚመለከተውን የሕገ መንግሥቱን የመጀመሪያ ማሻሻያ እንደገና አነበብሁት። «ኮንግረስ … ሕግ አያወጣም» ብሎ ነው የሚጀምረው። ለዓመታት ሳነብበው ያላስተዋልሁት፣ ክልከላው የሚይዘው ሕዝቡን ሳይሆን ባለ ሥልጣኑን መሆኑን ነው።

ማክሰኞ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት አዳራሹ ሞላ። ውጭ ገና ቀን ነው፤ በዚያ ወር ፀሐይዋ እስከ ሦስት ሰዓት አትጠልቅም። የእኛ ሰዎች ሱፍ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ስልካቸውን አጥፍተው ተደርድረዋል። እትዬ ሰናይት ሺፍታቸውን ከጓደኛ ጋር ተቀያይረው መጥተዋል። ፊት ለፊት ከንቲባዋና የምክር ቤቱ አባላት ተቀምጠዋል፤ ከንቲባዋ ሹራብ የለበሱ፣ የሰፈር እናት የሚመስሉ ሴት ናቸው።

ከንቲባዋ ጉዳዩን አነበቡና የሚናገር ካለ እንዲመጣ ጋበዙ። አንድ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ተነሡ። ቤታቸው ከመደብሩ ጀርባ ነው። እሁድ እሁድ መኪና በመንገዳቸው ላይ እንደሚሞላ፣ በክረምት ደግሞ በረዶ ጠራጊው ማለፍ እንደሚያቅተው ተናገሩ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ግን አጥብቀው ነው የተናገሩት። ከአባላቱ ሁለቱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሌላ መናገር የሚፈልግ አለ?» አሉ ከንቲባዋ።

የሞላው አዳራሽ በትሕትና ፈገግ ብሎ ተቀምጧል።

«ማንም የለም?» ከንቲባዋ ግራ ገባቸው።

ጋሽ ታደሰ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አየህልኝ የኛን ሕዝብ አሰማም?» አሉኝ በኩራት። «አንድ ሰው አልሳለም እኮ።»

በዚህ ጊዜ ሶስና ከኋላችን ትከሻዬን ያዘችኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ከአፏ ያልሰማሁትን አማርኛ ያን ጊዜ ሰማሁ። «ለምን ማንም አይናገርም?»

«እየሰማን ነዋ!»

«እናንተ አይደላችሁም የምትሰሙት! እነሱ ናቸው የሚሰሙት! እናንተ ትናገራላችሁ!»

ወረቀቴ አይኔ ላይ መጣ። የሚሰማበት። ፊደላችን ሲጠብቅና ሲላላ አይለይም፤ መዝገበ ቃላት ውስጥ ከላይ ነጥብ ያደርጉለታል፤ በተራ ጽሑፍ ግን ማንም አይጨነቅበትም። ካላላኸው ሕዝቡ ጆሮ ሰጥቶ የሚቀመጥበት ነው። ካጠበቅኸው ሕዝቡ ተናግሮ የሚደመጥበት ነው። አንድም ፊደል ሳይለወጥ። እኔ ራሴ አላልቼ ጽፌ፣ አላልቼ ሦስት ጊዜ አርሜዋለሁ።

«ጋሽዬ፣ ይጠብቃል!» አልሁ።

«ማነው የሚጠብቀው?»

«ሰ!»

«የቱ ሰው?»

«ሰው አይደለም፣ ሰ፣ ፊደሉ! ተሳስቼ ነው! መናገር ያለብን እኛ ነን!»

ከንቲባዋ ትንሿን መዶሻ አነሡ። «እንግዲያውስ ሂሪንጉን …»

«አንድ ጊዜ!» አሉ ጋሽ ታደሰ በአማርኛ፣ በባስ ሹፌር ድምፅ። አዳራሹ ዘለለ። መዶሻው አየር ላይ ቀረ።

ጋሽ ታደሰ ማይክራፎኑ ጋ ሲደርሱ ያዘጋጁት ነገር አልነበረም። በኋላ ሳስበው ለዚያ ነው ጥሩ የተናገሩት። ትምህርት ቤት ባስ እንደሚነዱ፣ በረዶ ጠራጊው የትኛውን መንገድ መቼ እንደሚያልፍ ከማንም በላይ እንደሚያውቁ፣ መኪና ሁሉ በመደብሩ ግቢ ውስጥ ብቻ እንደሚቆም፣ እሁድ እሁድ ራሳቸው በሩ ላይ ቆመው እንደሚያሰልፉ ተናገሩ። «ልጆች የሞሉበት ባስ በናንተ ጥር ወር ወደ ኋላ ነድቻለሁ» አሉ። «ዲያቆንና ዘማሪ ፓርክ ማስደረግ አያቅተኝም።» ሰው ሳቀ። ቆብ ያደረጉት ሽማግሌም ሳቁ። ከዚያ በኋላ እትዬ ሰናይት፣ ሌሎችም ተራ ይዘው ተናገሩ።

መጨረሻ ላይ እማማ ዘነበች ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሶስናን አስተርጓሚ አድርገው፣ ማይክራፎኑን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እኔ ስለ እምነቴ ልናገር ነው የመጣሁት» አሉ።

ሶስና ተረጎመች። ከንቲባዋ በአክብሮት ወደ ፊት ዘንበል ብለው «እናቴ፣ ደስ ይለኛል፤ ግን ስለ እምነትዎ እኛ ልንጠይቅዎም፣ በእሱ ልንወስንም አንችልም። የምናየው የመኪና ማቆሚያውን፣ በሮቹንና የሰዉን ብዛት ብቻ ነው» አሉ።

እማማ ወደ ሶስና ዞሩ። «አይችሉም?»

«አይችሉም።»

«ማን ከለከላቸው?»

«ሕገ መንግሥቱ።»

«እነሱን?»

«እነሱን፣ እማማ።»

እማማ ዘነበች የተደረደሩትን ባለ ሥልጣኖች ከዳር እስከ ዳር አንድ በአንድ አዩአቸው። ለብዙ ዓመት ያዘጋጁት መልስ አፋቸው ላይ ነበር፤ የሚቀበለው ጠያቂ ግን የለም። የሚያለቅሱ መሰለኝ። እሳቸው ግን ሳቅ አመለጣቸው፤ ከሆድ የሚወጣ ሳቅ።

«እንግዲያው ስለ መኪናው ከሆነ» አሉ ወደ ማይክራፎኑ ተመልሰው፣ «እኔ መኪና የለኝም። አንድ ሰው ቀንሱ።»

ሶስና ሳቋን ይዛ እስክትተረጉመው ድረስ የእኛው ሰው አዳራሹን አናግቶት ነበር። ከዚያ ሌላው ሳቀ።

ድምፅ ተሰጠ። ግቢው ውስጥ ብቻ መኪና እንዲቆምና አንድ ተጨማሪ መውጫ በር እንዲከፈት በሚል ግዴታ ፈቃዱ አለፈ። አንድ አባል ተቃውመዋል። ስብሰባው ሲያበቃ እኚያ የተቃወሙት ሰው መጥተው ጋሽ ታደሰን ጨበጡ። ጋሽ ታደሰ ደነገጡ፤ እኔም ደነገጥሁ፤ የተቃወመ ሰው እንደሚጨብጥ አልገመትንም። ቆብ ያደረጉት ሽማግሌ ደግሞ ውጭ ቆመው ጠበቁንና በረዶው የት ቢቆለል ለሁለቱም ወገን እንደሚሻል በእጃቸው አየር ላይ እየሣሉ አስረዱ።

ረቡዕ። ጠዋት ጋሽ ታደሰ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኙኝ። እትዬ ሰናይት የተቆላ ዱባ ፍሬ ሻንጣዬ ውስጥ ከተቱልኝ። «እዚያ ‹ምግብ ይዘሃል?› ካሉህ ዝም ብለህ እለፍ» አሉኝ። ማለፍ እንደማልችል ሁለታችንም እናውቃለን። ሶስና «ባይ ከዝን» አለችና ወዲያው «ደህና ግባ» ብላ ጨመረች።

ሐዋሳ ከገባሁ በኋላ ሥራዬ ላይ «የሚሰማ»፣ «የሚነገር»፣ «የሚጠብቅ» የሚሉ ቃላት ባገኘሁ ቁጥር ቆሜ ጮክ ብዬ አነባቸዋለሁ፤ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ታደሰ በቪዲዮ ደወሉ። በምንጣፍ መደብሩ ውስጥ የመጀመሪያውን እሁድ አምልከዋል፤ ሙጫው ገና ይሸታል፣ ሕፃናቱ ባዶው ወለል ላይ ይንሸራተታሉ። ስልኩን አዙረው በሩን አሳዩኝ። ያ ወረቀቴ ተለጥፏል፤ ከአሮጌው ቤት ነቅለው ይዘውት መጥተዋል። ገና በሚዘምረው ሕዝብ ድምፅ መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር። ጠጋ አድርገው ሲያሳዩኝ ከ«ሰ» ፊደል በላይ በቀይ እስክሪብቶ የተደረገ ወፍራም ነጥብ አየሁ።

«ማነው ያረመኝ?» አልሁ።

«እማማ ዘነበች ናቸው» አሉ። «በሚቀጥለው ወር ስለ መንገድ መብራት ሂሪንግ አለ ብለው በመኪና እንዳደርሳቸው ጠይቀውኛል።»